በገጹ ግርጌ የቀረችው ቃል

መቱ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮማነወርቅ ወልደ ማርያም፤
ስዊስ አገር።

ሮማኔ፣ የቤቴ መብራት፤ ይህ ወረቀት የስንቱን አገር ሰማይ አቋርጦ እጅሽ እስኪገባ የፈጣሪ ጥበቃ እንዳይለይሽ ለምኜ ነው ብዕር ያነሣሁት። ስለ እኔ አትጨነቂ። ጉልበቴ እንደ ዕድሜው ነው። ክረምቱን ያስቸገረኝ ሳልም ፀሐይ ከወጣ ወዲህ ትቶኛል ማለት ይቻላል። አክስትሽ ኡርጌ ደኅና ናት፤ የግራ ጆሮዋ ብቻ ጭራሽ ተደፈነ። አጎትሽ በዳሳም እዚያው ቤቾ ደኅና ነው። ዛሬ ብዙውን የምጽፍልሽ የእሱንና የእኔን ጉድ ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቡና ለቀማው በተጀመረ ሰሞን ነው። መልሱ ስለ ዘገየ ሳትቀየሚኝ አልቀረሽም። የዘገየሁት አንድ ስሕተት ስለ ገባብን ነው፤ ስሕተቱም የሦስታችን ነው፤ ያንቺም፣ የእኔም፣ የኡርጌ ጆሮም።

ፎቶግራፉን መጀመሪያ ያየችው ኡርጌ ናት። ወፍራም ጫማ አድርገሽ፣ ዱላ ይዘሽ ቆመሻል፤ ከኋላሽ ውኃው ከገደሉ ላይ እንደ ተፈታ ድውር ይወርዳል። አቅርባም አርቃም አየችውና ልጅቱን ማን አባረራት አለችኝ። ማንም አላባረራት፣ ለሽርሽር ነው አልኋት። እንጨት ልትለቅም ነው ወይ አለች፤ አይደለም አልሁ። «ታዲያ እንስራ ሳትይዝ ውኃ ዘንድ ምን ልታደርግ ሄደች?» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥያቄዋ የእኔም ነበር። ዕድሜዬን ከመቱ እስከ ጎሬ የስልክ መስመር ስጠብቅ በእግሬ ኖሬአለሁ፤ ቢሆንም የወደቀ ምሰሶ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሳይጠራኝ ጫካ ገብቼ አላውቅም። እንዲያው ለመሄድ ብሎ መሄድ፣ ያውም ተራራ፣ ያውም ውኃ ሲወድቅ ለማየት፣ አዲስ ነገር ሆነብኝ።

ጫካው የተከለለ ነው ያልሽውን ለገበያ መቱ ለመጣው ለበዳሳ አነበብሁለት። ከመንገዱ መውጣት ክልክል፣ አበባ መቅጠፍ ክልክል፣ እሳት ማንደድ ክልክል፣ መጮኽ እንኳ ክልክል። በዳሳ ሳቀና፣ እነሱ አገር ጫካውን ከሰው ይከልሉታል፣ እኛ አገር ሰው ነው ራሱን ከጫካ የሚከልለው አለ። አንድ ነገር ሲሰማ ግን ሳቁን ተወ። እናትሽ ወንዝ ባየች ቁጥር ታደርገው እንደ ነበረ፣ ፏፏቴው ዘንድ ስትደርሺ ለምስጋና እርጥብ ሣር ልትነጪ ጎንበስ ብለሽ፣ ክልከላው ትዝ ብሎሽ እጅሽን ሰበሰብሽ። መንገድ መሪያችሁ ይህን አየ። ነፋስ ከዛፍ ያወረደውን አረንጓዴ ቅጠል ከመንገዱ ላይ አንሥቶ ሰጠሽ። በዳሳ ይህችን አስደገመኝ። ከዚያ ይህን ሰውዬ እናት ናት ያሳደገችው አለ።

ሁለት ጥያቄ ጠይቀሽኛል። አንደኛው ቀላል መስሎኝ ነበር። አብረውሽ የሄዱት ሰዎች አገርሽ ፏፏቴ አለ ወይ ቢሉሽ፣ አዎ፣ በእናቴ አገር ሶር የሚባል አለ ብለሻል፤ ቁመቱስ ምን ያህል ነው ሲሉሽ ግን አላወቅሽውም፣ አፈርሽም። እኔም አላውቀውም። እናትሽን ዲሪቤን ከቤቾ ነው ያገባኋት፤ ከአባቷ ደጅ እስከ ሶር ሩቅ አይደለም። ስንት ዓመት ወደዚያ ተመላልሼ፣ ነፋሱ ሲመች ድምፁን ከሩቅ ሰምቼ፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ጉዳይ አልነበረኝማ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባዱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ትምህርትሽ ሲያልቅ የምትማሪበት ሆስፒታል እዚሁ ቅሪና ሥሪ ብሎሻል። «አባዬ፣ ነይ ካሉኝ እመጣለሁ፤ ቅሪ ካሉኝም እቀራለሁ፤ ብቻ ቃሉን ከእርስዎ አፍ ልስማው» ነው ያልሽው። ልጄ፣ መልሱን ለማግኘት ብዙም አልደከምሁም ነበር። ነይ። ይህችን ቃል ልጽፍ ብዕሬን ቀለም ነክሬ እንደ ተቀመጥሁ ነው ኡርጌ የእኔ ድርሻስ ብላ የገባችው።

ድርሻዋ በመጨረሻ በኦሮምኛ የጻፍሽላት ናት። የእኔን ኦሮምኛ ታውቂዋለሽ፤ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል፣ ለሠርግና ለለቅሶ አይበቃም። እናትሽ በሕይወት ሳለች እሷ ነበረች ምላሴ። ብቻ በእኛ ፊደል ስለ ጻፍሽው፣ ገና ዳዊት እንደሚቆጥር ተማሪ እየጎተትሁ አነበብሁላት። ሰላምታው አለፈ። ተራራው አለፈ። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ያለ እንደ ነበር፣ እንደ ፈራሽ፣ መሪያችሁም ወደ አንቺ እንደ ተመለሰ የሚለው ዘንድ ደረስሁ። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ። በግርጌው የቀረችውን አንዲት ቃል ለራሴ አልጎመጎምሁና ጣቴን አርሼ ወረቀቱን ገለበጥሁ። ከዚያ ለጆሮዋ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ና ፉዴ» ስል አነበብሁ።

ኡርጌ ደረቷን ያዘች። ድገመው አለችኝ። የገጹ ራስ ላይ ናትና እሷኑ ደገምሁላት፤ «ና ፉዴ»።

ፉዴ ማለት ወሰደ ማለት እንደ ሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ሴት ልጅ «ና ፉዴ» ካለች ግን ሌላ ትርጓሜ የለውም፤ አገባኝ ማለት ነው። ኡርጌ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት በባልዲ ውኃ ይዞ መጣ፤ ነገሩ ሲገባቸው ባልዲውን አስቀምጠው እልልታውን ተቀበሉ። እኔ በወንበሬ ላይ ነበርሁ። አንዲት ነገር ጎረበጠችኝ፤ ያች የገጹ ግርጌ ቃል። ነገር ግን የገዛ ቋንቋቸውን እኔ ላስተምራቸው ነው? እነሱ ሠርግ ነው ካሉ ሠርግ ነው ብዬ ተውሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከላይ ሰፈር እስከ ገበያው መቱ ሁሉ ዳረሽ።

ብዕሬ ደረቀ። ያገባችን ልጅ ነይ አይሏትም።

ከዚያ በኋላ ስላሳለፍሁት ሰሞን እንዳልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ቤቱ ውስጥ እንኳን ደስ ያለህ የሚል ሰው አይታጣም፤ እኔ እንኳን አብሮ ደስ አለን እላለሁ፤ ሲወጡ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ምን ሆነሃል ላለኝ ሁሉ የሰውዬው ሃይማኖት አሳስቦኝ ነው እል ነበር። ለራሴም የምለው ይህንኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ግን አፌ ምስጋናውን እየደገመ ልቤ ካንቺ ጋር ይጣላል። አባቷን ሳትጠይቅ! እያልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንድ ጊዜ ቅዳሴው አልቆ ሰው መስቀል ሲሳለም ነው የምነቃው።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ገብረ መድኅን ሄድሁ። ደጃቸው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው።

«ተጠምቋል?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባ።»

«የማን ልጅ ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ስሙንስ?»

«ልጅቱ በደብዳቤዋ መሪያችን ነው የምትለው።»

አባ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና አዩኝ። «ታዲያ በጸሎት ምን ልበል? መሪያችንን አስብ ልበል? ሕዝቡ ለጳጳሱ ነው ብሎ አሜን ይልልሃል።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰውዬው የመቱ ልጅ ቢሆን፣ የተጠመቀ፣ የቆረበ፣ ጾም የሚጾም ቢሆን፣ ነገር ግን ሮማነወርቅን ይዞ ሌላ አገር ቢገባ፣ ደስ ይልህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን ልል አፌን ከፈትሁ። አዎን የምትለዋ ቃል እምቢ አለችኝ። አባም ሂድና ይህን አስብበት፣ እግዚአብሔርን ምክንያት አታድርግ አሉኝ።

ሮማኔ፣ እኔ ማሰብ የምችለው በእግሬ ነው። ቁጭ ብዬ አስቤ ያገኘሁት ነገር የለም። ከኅዳር ጽዮን በኋላ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ፣ በቅሎ ተውሼ ቤቾ ወጣሁ። በዳሳን ሶር አድርሰኝ አልሁት። ምን ጠፋዎት አለኝ። ምንም አልጠፋኝም፣ ልጄ ቁመቱን ጠይቃኛለች አልሁት። «ጋሼ ወልዴ፣ እዚያ በሬ ቢጠፋ እንኳ ወርዶ የሚፈልግ የለም» አለና ገጀራውን ሊያመጣ ገባ።

በቅሎዋን ጫካው አፍ ላይ አስረን በእግር ገባን። መጀመሪያ ቡናው ነው፤ በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይለቅማሉ። ወዴት ናችሁ ይሉናል፤ በዳሳ ውኃ ልናይ ይላቸዋል፤ እነሱም የታመመ ሰው ለጠበል የሚወስድ መስሏቸው ለእኔ ምሕረቱን ያውርድልዎ ይሉኛል። አሜን እያልሁ አለፍሁ። ቡናው ሲያልቅ ጫካው ጠበቀ። ጉሬዛዎች ከላይ ነጭ ካባቸውን አንዘርፍፈው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይሻገራሉ፤ ቆም ብለው ቁልቁል ሲያዩን ሸንጎ የተቀመጡ ሽማግሎች ይመስላሉ። መሬቱ ፀሐይ አይቶ አያውቅም፤ ሥሩና ጭቃው እግር ይይዛል። አንቺ መንገዱ ዳር ለዳር በእንጨት የታጠረ ነው ብለሻል። እዚህ መንገዱ በዳሳ ነው። እሱ የረገጠውን መርገጥ ነው።

ድምፁን መጀመሪያ ስሰማ ነፋስ ነው አልሁ። ቆይቶ ዳገት የያዘ ካሚዮን መሰለኝ፤ ይመጣል ይመጣል ስል የማይደርስ። ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ። ሐረግ እየያዝን፣ በቂጣችንም እየተንሸራተትን ወረድን፤ ይህን ለኡርጌ አትጻፊላት። ወርደን ዛፉ ሲገለጥ ሶር ፊት ለፊቴ ነበረ።

እናትሽ ሶርን ከሩቅ ሲሰሙት ይጮኻል፣ ቀርበው ሲያዩት ግን ዝም ያሰኛል ትል ነበር። የሴት ጨዋታ አድርጌው ኖሬአለሁ። ቆቤን አወለቅሁ። ውኃው የሚወርድ አይመስልም፤ የቆመ ነው፤ እንደ ነጭ መጋረጃ፣ እንደ መቅደስ መጋረጃ። ርጭቱ ከታች ተነሥቶ ጢሜን አራሰው። ለሰዎቹ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ሦስት የስልክ ምሰሶ አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆም ጫፉ ይደርሳል፣ አራተኛውን ቢጨምሩ ያልፈዋል። በምሰሶ ልክ እኔ አልሳሳትም። በሜትር ለማድረግ አንቺ ተማሪዋ ነሽ።

በዳሳ ከውኃው ዳር እርጥብ ሣር ነጨ። እፍኙን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለእኔ ዘረጋልኝ። አመነታሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ እናትሽ ይህን ስታደርግ ሁልጊዜ ዞር ብዬ በቅሎ እንደሚያይ ሰው እሆን ነበር። በዳሳ ግን ማመንታቴን አውቆት፣ እናንተስ ለዘመን መለወጫ ሣር ይዛችሁ ለጌታ አታመሰግኑም ወይ፣ ሣሩ ያው ነው፣ ፈጣሪውም ያው ነው አለኝ። ተቀበልሁት። እሱ በቋንቋው አመሰገነ፣ እኔ አባታችን ሆይ አልሁ። ሣራችንን ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ አኖርን። ከዚያ በዳሳ እንደ ገና ጎንበስ ብሎ ሌላ ነጨና አኖረ። ይኸስ የማን ነው አልሁት። እዚያ የከለከሏት የሮማነወርቅ አለኝ።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልመለስ። ስንመለስ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ውኃ የሚያልፍበት ድንጋይ አለ፤ ስንወርድ ያለፍነው በመንሸራተት ነውና ስንወጣ ባሰ። በዳሳ ቀድሞ ወጣ። እኔ በግራዬ ሐረግ ጨብጬ መካከሉ ላይ ስደርስ እግሬ አዳለጠኝ። ሥሬ ውኃ ነው። በዳሳ ከላይ ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል፤ «ሃርከ ኬሰን» አለኝ፤ እጅዎን ማለቱ ነው።

ልጄ፣ እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ፍርሃት እንዳይመስልሽ። ሃርከ! ያች የገጹ ግርጌ ቃል ሃርከ ነበረች።

«በዳሳ፣ ሃርከ ና ፉዴ ማለት ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«አሁን?»

«አሁን ንገረኝ።»

«እጄን ያዘኝ ማለት ነው፤ ጨብጦ ሰላም አለኝም ይሆናል። ጋሼ፣ እጄን ባይዙኝ ዛሬ እርስዎን የሚያገባዎ ይህ ወንዝ ነው።»

እጁን ያዝሁ። ሳበኝ፤ አልወጣ አልሁት። ደግሞ ሳበኝ። ከዚያ ቁልቁል አየና፣ «ሐረጉን ይልቀቁት እንጂ። ሁለቱን ይዘው አይሻገሩም» አለኝ። ለካ በግራ እጄ ሐረጉን እንደ ጨበጥሁ ነኝ። እጄ እኮ አልታዘዝም አለኝ፤ ጣቶቼን በልቤ አንድ በአንድ እየለመንሁ ነው የፈታኋቸው። ስለቀው ወጣሁ።

ላይ ተቀምጠን ሁሉን ነገርሁት። በገጹ መገልበጥ እጅሽ ታች ቀርቶ ቀጣዩ ገጽ ላይ ባል ብቻ እንደ ደረሰ ሲገባው፣ በዳሳ ሳቁ አንከባለለው፤ ጉሬዛዎቹ ሸሹ። የልጅቱ ኦሮምኛም በረዶ ገብቶበታል አለ፤ «ሃርከ ና ቀቤ» ብትል ኖሮ ያዘኝ ብቻ ነበር፣ ማንም ማንንም አያገባም ነበር። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ እንባ እስኪያወጣ ሳቅሁ።

ከዚያ ሳቁ አለቀና ደስታዬን ጠበቅሁ። ልጄ አላገባችም፤ ነይ ብላት ትመጣለች፤ ያ ሁሉ ቅዠት ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል አይደለም? አልመጣም፣ ሮማኔ። የመጣው ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉ፣ ስከፋም ስቆጣም፣ ሳላውቀው አንድ ነገር ለምጄ ኖሯል። በዚያ ብርድ ከሥራ ስትወጪ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ ሰው አለ። ስታመሚ ሾርባ የሚያሞቅልሽ አለ። ሙልጭልጭ ባለ ድንጋይ ላይ የሚመለስልሽ አለ። ስቆጣው የነበረውን ሰው ለካ ወድጄዋለሁ። በዳሳ በአንድ ቃል ወሰደውና ልጄ እዚያ ተራራ ላይ እንደ ገና ብቻዋን ቀረችብኝ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ብቻ መሆን ምን እንደ ሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ለአንቺ አልመኘውም። አባ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያስጨነቀኝ የሰውዬው ጥምቀት አልነበረም፤ የገዛ ቤቴ ዝምታ ነው።

በበቅሎዋ ተመለስሁ። በዳሳ እስከ ዳገቱ ጫፍ በጀርባዬ ተሸክሜዋለሁ እያለ በቤቾ ያወራል መሰለኝ፤ ቢጽፍልሽ ሙሉ ለሙሉ አትመኚው፤ ጥቂቱን ነው የተሸከመኝ።

ለኡርጌ አልነገርናትም። ጥጡን ገዝታ መፍተል ጀምራለች፤ አንድ ጋቢ ለአንቺ፣ አንድ ጋቢ ለእሱ። ሰፋ ይላል ወይ፣ ቁመቱ እንዴት ነው እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ተራራ የሚወጣ ሰው ነው፣ አታሳጥሪው እላታለሁ። በዳሳን ምን ይሻላል ብለው፣ እልልታ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይዋጥም፣ ይቆይ፣ ማን ያውቃል አለኝ።

እኔም ቤት ተመልሼ ደብዳቤሽን ከራሱ ጀምሬ አነበብሁት፤ ይህን ጊዜ ገጹን ስገለብጥ ተጠንቅቄ። አንድ ነገር አየሁ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ስም አለው። አብራሽ የምታድረው ልጅ ስም አላት፤ ሽማግሌው ሐኪም ስም አለው፤ ተራራ ላይ ያገኛችሁት ውሻ እንኳ ስም አለው። ስም የሌለው መሪያችሁ ብቻ ነው። እሱ ግን ከሁሉም ይበልጥ ተነሥቷል። መሪያችን ቆመ፣ መሪያችን ሳቀ፣ መሪያችን ቅጠል ሰጠኝ፣ መሪያችን ስለ ሶር ጠየቀኝ። እኔም እናትሽን ከማግባቴ በፊት ለወንድሜ በጻፍሁት ወረቀት ሁሉ «እዚያ ቤቾ ያሉት ሰዎች» እያልሁ ነበር የምጽፍለት። እሱም ሰዎቹ ስንት ናቸው ብሎ መልሶልኛል።

እንግዲህ ቃሉን ከአፌ ልስማው ብለሻል። ነይ ልልሽ ቀለም ነክሼ የነበርሁት እኔ ነኝ፣ አሁንም ምላሴ ላይ ያለችው ይህችው ናት፤ አልዋሽሽም። ግን የሶር ድንጋይ ላይ ሆኜ ስትጨብጪ የኖርሽውን ሐረግ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው፤ ቅሪ። ሥራሽን ሥሪ። እግርሽ የሚቆምበትን አይተሽ፣ የተዘረጋልሽ እጅ ካለ ያዢ። የሚዘረጋ ከሌለም ስለ እኔ ብለሽ ሐረግ ይዘሽ እንዳትቆሚ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ መምጣት ባሰኘሽ ቀን መቱ የትም አይሄድም። እኔም እግሬ እስከ ቻለ ሶርን ለምጄዋለሁ፤ በፀደይ ልመለስበት ከበዳሳ ጋር ተቀጣጥረናል፤ የምሄድበት ጉዳይ አገኘሁ።

ለአባ ገብረ መድኅን ስሕተቱን ነግሬአቸዋለሁ። ሳቁና፣ ታዲያ አሁን ከጸሎቱ ላውጣው ወይስ ይቆይ አሉኝ። ይቆይ አልኋቸው። እንግዲያስ ስሙን አምጣ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል ብዬ ዝም አልልም አሉኝ። የክርስትና ስም ባይሆን ግድ የለም፤ እናቱ የጠራችውን ይሁን።

የሰማይና የምድር ጌታ፣ ውኃን ከገደል አውርዶ የማይሰብረው አምላክ፣ እግርሽን ከሚያዳልጥ ድንጋይ፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይጠብቅ። የእናትሽ ምርቃት በቀኝሽ፣ የእኔ በግራሽ ይቁም። ልጄን ሮማነወርቅንና                    ን ባርክ፤ አሜን። መካከሉን ክፍት የተውሁት ረስቼ አይደለም። ጻፊበትና መልሰሽ ላኪልኝ።

አባትሽ
ወልደ ማርያም ምንዳዬ